በከሰልና በፓስቴል የሰውን ፊት መሳል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቁሳቁስ ተነሥተው ወደ ከባዶቹ ይሄዳሉ፤ የቸገረዎትን ብቻ መርጠው ማንበብም ይችላሉ።

ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

ዝርዝሩ አጭር ነው፦ አምስት ያህል የቅርንጫፍ ከሰል፣ አንድ የታመቀ ቻርኮል፣ አንድ የቻርኮል እርሳስ፣ በእጅ የሚታሽ ለስላሳ ላጲስ፣ አንድ ተራ ላጲስ፣ የአሮጌ ከነቴራ ቁራጭ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ እንዲሁም ወረቀቱ የሚለጠፍበት 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኮምፔንሳቶ። የሚታሸው ላጲስ ካልተገኘ ዘይት ያልነካውን የነጭ ዳቦ ውስጥ አድቦልቡሎ መጠቀም ይቻላል። ላጲስ ከመፈጠሩ በፊት ሠዓሊዎች ከሰልን ከወረቀት የሚያነሡት በዳቦ ነበር።

ፓስቴልን (ከቀለም ዱቄት የተሠራውን የመሳያ ዘንግ) በተመለከተ ትልቅ ሳጥን አይግዙ። ለፊት ስምንት ቀለም ይበቃል፦ ነጭ፣ ክሬም፣ ኦከር (አፈር መሳይ ቢጫ)፣ ቀይ ቡኒ፣ ጥቁር ቡኒ፣ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ሰማያዊና ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ። ሲገዙ ሳጥኑን በደንብ ያንብቡ፤ «ኦይል ፓስቴል» የሚል ከሆነ ይመልሱት። ቅባት ስላለው ከከሰል ጋር አይዋሃድም፣ በላጲስም አይነሣም። የሚፈለገው ሲነኩት ጣት ላይ ዱቄት የሚተው ደረቁ ፓስቴል ነው። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔም አይተካውም፤ ቀለሙ በጣም ጥቂት ስለሆነ ከሰል ላይ ሲያርፍ ይጠፋል።

የቅርንጫፍ ከሰል፣ የታመቀ ቻርኮልና የቻርኮል እርሳስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የቅርንጫፍ ከሰል የተቃጠለ ቀጭን እንጨት ብቻ ነው፤ ማጣበቂያ የለውም። ወረቀቱ ላይ ያርፋል እንጂ አይጣበቅም፤ በጨርቅ መታ መታ ሲያደርጉት ይረግፋል። ለመጀመሪያው ንድፍ የሚመረጠው ለዚህ ነው፦ ያለ ፍርሃት ተሳስቶ ማረም ይቻላል። የታመቀው ቻርኮል ደግሞ የከሰል ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተጨምቆ የተሠራ ነው። ድቅድቅ ጥቁር ይሰጣል፣ ግን አንዴ ካረፈ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ፣ ጥቂት ቦታ ብቻ ያውሉት፦ የዓይን ብሌን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ከንፈሮች የሚገናኙበት መስመር፣ ከአገጭ በታች ያለው ጥላ።

እርሳሱ ለጠባብ ቦታ ነው። በእርሳስ የሚጀምር ሰው ሳያስበው መስመር ብቻ ይሠራል፤ ፊት ግን ከመስመር ይልቅ የብርሃንና የጥላ ጉዳይ ነው።

ቡና የምናፈላበት ከሰል ይሆናል? ራሴ ማዘጋጀትስ እችላለሁ?

የምድጃ ከሰል ብዙውን ጊዜ ከግራርና ከመሳሰሉት ጠንካራ እንጨቶች ስለሚከሰል ወረቀቱን ይቧጥጣል፤ አንዱ ጎኑ ይጠቁራል፣ ሌላው ይጭራል። ነገር ግን ተወቅጦ በስስ ጨርቅ ከተነፋ ዱቄቱ ሰፊ ጥላ ለማልበስ ይጠቅማል።

ጥሩ የሥዕል ከሰል ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ከአኻያ ወይም ከወይን ሐረግ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው ቀጥ ያሉ ቅርንጫፎች ይቁረጡ፣ ልጣጫቸውን ያንሡ፣ ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ያድርቁ። ከዚያ በ12 ሳንቲ ሜትር እየቆረጡ በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አጠጋግተው ይደርድሩ። የብረት ክዳኑን ገጥመው በምስማር አንድ ቀዳዳ ያብጁለትና ደጅ በተዘጋጀ ፍም ውስጥ ይቅበሩት። ከቀዳዳው ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ሲያበቃ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ላይ፣ ጣሳውን ያውጡት። እስኪቀዘቅዝ ግን አይክፈቱት፤ ማሳደሩ ይሻላል። ትኩሱ ሲከፈት አየር ይገባና ሁሉም አመድ ይሆናል። ሲሰብሩት ውስጡ ቡናማ ከሆነ ገና አልበሰለም፤ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ ቆይቷል።

ምን ዓይነት ወረቀት ልጠቀም?

ዱቄቱ የሚይዝበት ሻካራነት ያለው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለስላሳ ነው፤ አንድ ድርብ ይቀበልና ሁለተኛውን ያንሸራትታል። ለልምምድ ቡናማው ክራፍት መጠቅለያ ወረቀት እጅግ ጥሩ ነው፦ ርካሽ ነው፣ ሻካራ ጎን አለው፣ ቀለሙም ለጠይም ፊት መካከለኛውን ድምቀት በነጻ ይሰጥዎታል። ችግሩ አሲድ ስላለው በዓመታት ውስጥ መጥቆሩና መሰባበሩ ነው፤ ለሚሸጥ ወይም ለሚቀመጥ ሥራ አይሁን። ለዚያ ከአሲድ ነጻ የሆነ፣ በካሬ ሜትር 160 ግራም ገደማ የሚመዝን ባለቀለም የፓስቴል ወረቀት ይፈልጉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አንደኛው ገጻቸው ወንፊት የመሰለ ቅርጽ አለው፤ ፊት ሲስሉ ሌላውን ገጽ ይምረጡ፤ አለዚያ ነጠብጣቡ ጉንጭ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

በከሰል ልጀምር ወይስ በፓስቴል?

በከሰል። ፓስቴል ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ያመጣል፦ ምን ያህል ይጥቆር? ምን ቀለም ይሁን? የመጀመሪያውን ያልመለሰ ሰው ሁለተኛውን ሊመልስ አይችልም። በሦስት ደረጃ ብቻ (ጥቁር፣ መካከለኛ፣ ብሩህ) ፊትን ከሩቅ እንዲታወቅ አድርገው መሳል ሲችሉ ያን ጊዜ ቀለም ይጨምሩ።

ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣብኛል፣ ፊቱም ይጣመማል። ለምን?

ስናይ ትኩረታችን ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ላይ ስለሚያርፍ ግንባርንና የራስ ቅልን እናሳንሳለን። ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው። አናት ሲባል የፀጉሩ ጫፍ አይደለም፤ ጎፈሬ ወይም ከፍ ተደርጎ የታሰረ ፀጉር ካለ የራስ ቅሉ የት እንደሚያልቅ ፀጉሩ ውስጥ በቀላሉ ምልክት ያድርጉ። የአፍንጫ ታች ከቅንድብ እስከ አገጭ ባለው መካከል፣ የከንፈር መገናኛ ከአፍንጫ ታች ወደ አገጭ ሲወርዱ አንድ ሦስተኛው ላይ፣ ጆሮ በቅንድብና በአፍንጫ ታች መካከል ያርፋሉ። የፊት ስፋት አምስት ዓይን ያህል ነው፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከልም የአንድ ዓይን ቦታ አለ።

እነዚህ አማካዮች ናቸው። አንድን ሰው ራሱን የሚያደርገው ከአማካዩ የሚለይበት ነው፤ ስለዚህ ልኬቱን የሚማሩት ልዩነቱን ለመያዝ ነው። እጅዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው፣ አንድ ዓይን ጨፍነው፣ በከሰሉ ዘንግ የዓይንን ስፋት ይለኩና ከሌላው ጋር ያስተያዩ። እጅ ከታጠፈ ልኬቱ በየጊዜው ይለወጣል። ስሕተቱ ካልታየዎት ሥዕሉን በመስታወት ይዩት ወይም ይገልብጡት።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይን የሚተልቀው ሆን ተብሎ ነው፤ ቅዱሳን ሙሉ ፊታቸው ይታያል፣ ክፉዎች በአንድ ጎን ይሳላሉ። ያ የራሱ ሕግና ትርጉም ያለው ትውፊት ነው። ዓይንዎ በእርሱ ያደገ ከሆነ ግን መልክ ለማስመሰል ሲቀመጡ የዓይንን ስፋት ሁለቴ ይለኩ።

ሥዕሌ ሰውየውን ይመስላል፣ ግን ሕይወት የለውም። ችግሩ የት ጋ ነው?

ብዙውን ጊዜ ሦስት ምክንያት አለው፦ ሥራው ከዓይን ሽፋሽፍት ተጀምሯል፣ ጥላው ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፣ ጠርዞቹም ሁሉ እኩል ጥርት ብለዋል። ሕይወት የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች፣ ገና አንድም ሽፋሽፍት ሳይሳል ነው። ሰውየውን ከአንድ ወገን ብቻ ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጡ። ዝርዝሩ እስኪጠፋ ዓይንዎን ያጥብቡ፤ ፊቱ ለሁለት ይከፈላል፦ ብርሃን ያለበትና የሌለበት። የቅርንጫፍ ከሰሉን በጎኑ አስተኝተው ጥላውን በሙሉ እንደ አንድ ቅርጽ ይሙሉት። የዓይን ጉድጓድ፣ የአፍንጫ ጎን፣ የላይኛው ከንፈር፣ የአገጭ ሥርና አንገት ሳይለያዩ ይያያዙ። በዚህ ደረጃ ሥዕሉ ከሦስት ሜትር ርቀት ሰውየውን የማያስታውስ ከሆነ ዝርዝር አያድነውም፤ በጨርቅ አራግፈው እንደገና ይጀምሩ።

ቀጥሎ የሚታሸውን ላጲስ አሹለው ብርሃኑን ከጥላው ውስጥ ያውጡ። ላጲሱ እዚህ ማጥፊያ አይደለም፤ መሳያ ነው። የዓይን ነጩን ክፍል ነጭ አያድርጉት፤ ኳስ ስለሆነና የላይኛው ሽፋን ጥላ ስለሚጥልበት ግራጫ ነው። ነጭ ሆኖ የቀረ ዓይን የደነገጠ ፊት ይሰጣል።

ከዚያ ጠርዞችን ይለያዩ። በጥላ ውስጥ ያለው የጉንጭ ጠርዝ ከጀርባው ጋር ተዋህዶ ይጥፋ፤ አጥንት ቆዳን የሚገፋበት ጥርት ይበል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ብርሃን ያለው ዓይን። ጀርመናዊቷ ኬተ ኮልቪትስ (1867–1945) በ1933 በከሰል የሠራችውን የራሷን ምስል ፈልገው ይመልከቱ። ፊቷ በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ የምትስልበት ክንዷ ግን በጥቂት ኃይለኛ ዚግዛግ ጭረቶች ብቻ አልፏል። ያልተጨረሰው ክንድ የሥራውን ጉልበት ይሸከማል። ምን እንደሚተው መወሰን ከባዱ ትምህርት ነው፤ ቶሎ መለማመድ የሚገባውም እርሱ ነው።

በጣት ማሸት ለምን አይመከርም?

የጣት ቅባት ወረቀቱ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከሰል እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ይጠቁራል፣ ላጲስም አያነሣውም። ሁሉም ነገር ሲታሽ ደግሞ ግንባርም ጉንጭም ጨርቅም አንድ ይሆናሉ። መጀመሪያ ላይ ሰፊውን ጥላ አንዴ በጨርቅ ያልስልሱ፤ ከዚያ በላይ የሚያሳርፉትን ጭረት አይንኩት። ጭረቱ የአጥንቱን ዙሪያ ተከትሎ ይሂድ፦ ጉንጭ ላይ ታጥፎ፣ አፍንጫ ላይ ወርዶ።

ፈገግታን ወይም ሐዘንን እንዴት ላሳይ?

ከአፍ አይጀምሩ። እውነተኛ ፈገግታ ላይ ጉንጭ ወደ ላይ ተገፍቶ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ያነሣዋል፤ ዓይን ይጠባል፣ በውጭ ጫፉ እጥፋት ይታያል። የአፍ ጫፎችን አንሥቶ ዓይኑን እንደተከፈተ የተወ ሥዕል ለፎቶ የተገደደ ሰው ይመስላል። ጥርስ ከታየ በየመካከሉ መስመር አያስምሩ፤ ፍርግርግ ይሆናል። ጥርሶቹን በሙሉ አንድ ብሩህ ቅርጽ አድርገው ወደ አፍ ጫፎች ሲሄዱ ያጥቁሯቸው።

ሐዘን የሚነበበው ከቅንድብ ነው፦ ወደ አፍንጫ ያለው ጫፍ ከፍ ይላል፣ የላይኛው የዓይን ሽፋን ውጫዊ ጎን ደግሞ ዝቅ ይላል። የራስ ዘንበል ማለትም ከፊት ገጽታ ያላነሰ ይናገራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው መስመርዎ ከአናት በአንገት አልፎ እስከ ትከሻ የሚወርድ ይሁን። የቀኝና የግራ ፊትን አያመሳስሉ፤ የማንም ፊት እኩል አይደለም፣ ስሜትም ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ይበረታል።

የጠይምና የጥቁር ሰው ቆዳ በፓስቴል ስሠራ አመዳም ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?

አመዱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፦ ጥላውን በጥቁር፣ ብርሃኑን በነጭ መሥራት። ጥቁርን ከዚህ ሥራ ያውጡት። ለጥላው መጀመሪያ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ሰማያዊ በስሱ ያሳርፉ፣ በላዩ ጥቁር ቡኒ ይድረቡ፤ ከነጠላ ጥቁር የበለጠ ጥልቅና ሙቀት ያለው ይሆናል። ለጠይም ፊት መካከለኛው በኦከርና በቀይ ቡኒ ይሠራል፤ ለጥቁር ፊት በጥቁር ቡኒ ላይ ጥቂት ቀይ ቡኒ። ቀለሞቹን አያሹ፤ ጎን ለጎንና አንዱ በሌላው ላይ በጭረት ይተዋቸው፣ ዓይን ራሱ ያዋህዳቸዋል።

ቆዳ በጠቆረ ቁጥር የብርሃን ነጸብራቁ ትንሽ፣ ጥርት ያለና የብርሃኑን ምንጭ ቀለም የያዘ ይሆናል። በመስኮት የሚገባ የሰማይ ብርሃን ግንባርና ጉንጭ ላይ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ይተዋል፤ የቤት አምፖል ግን ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል። ስለዚህ ነጩን ከማንሣትዎ በፊት መብራቱን ይዩ። በመስኮት ብርሃን ሰማያዊ ግራጫውን፣ በአምፖል ክሬሙን ይጠቀሙ። ንጹሕ ነጭ የሚያርፈው ሦስት ወይም አራት ነጥብ ላይ ብቻ ነው፦ የዓይን ብልጭታ፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የታችኛው ከንፈር።

ጀማሪ ሁሉ ቆዳን ከእውነቱ ያነጣዋል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ማንኛውም ቡኒ ጥቁር መስሎ ስለሚታይ። ቡናማ ወረቀት ላይ መሥራት ግማሹን ችግር ያስወግዳል።

ከሰልና ፓስቴል አብሬ ስጠቀም ጭቃ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?

ፈዛዛ ፓስቴል ከከሰል ዱቄት ጋር ሲታሽ ቀዝቃዛ ግራጫ ይወጣል፤ ያ ነው ጭቃው። ንድፉን በቅርንጫፍ ከሰል ይሥሩ፣ ብዥ ብሎ እስኪቀር በጨርቅ ያራግፉ፣ ስስ ፊክሳቲቭ (ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያስይዝ የሚነፋ ፈሳሽ) ነፍተው 15 ደቂቃ ያድርቁ። ከዚያ ከጥቁሩ ወደ ብሩሁ፣ ከጠንካራው ዘንግ ወደ ለስላሳው ይሂዱ። ከሰሉ ጥላና ፀጉር ይያዝ፣ ፓስቴሉ ብርሃን ያለበትን፤ አንድ ቦታ ላይ አይደራረቡ።

ቀለሙ መንሸራተት ከጀመረ የወረቀቱ ሻካራነት ሞልቷል ማለት ነው። በደረቅ ጠንካራ ብሩሽ ያንን ቦታ አራግፈው ፊክሳቲቭ ይንፉበትና ይቀጥሉ። የቆሸሹ ዘንጎችን ጥሬ ሩዝ ባለበት ዕቃ ውስጥ ከትተው ቢነቀንቁ ሩዙ ያጸዳቸዋል።

ሹሩባና ነጠላ እንዴት ይሠራሉ?

ሹሩባን አንድ በአንድ አይቁጠሩት። መጀመሪያ የፀጉሩን ሙሉ ቅርጽ በጥላ ይሙሉ፣ ከዚያ የራስ ቅሉን ክብነት ተከትለው የፈርቁን መስመሮች በላጲስ ጠርዝ ያንሡ። ዝርዝሩ ብርሃን በሚመታው ጎን ሦስት አራት ጉንጉን ላይ ይብቃ፤ ሌላው በጥላው ውስጥ ይዋሃድ። ለጎፈሬ ከሰሉን በጎኑ ይጠቀሙ፤ ዳሩን በመስመር ከዘጉት ባርኔጣ ይመስላል።

ነጠላ ነጭ ወረቀት ላይ ያስቸግራል፤ ከወረቀቱ የሚነጣ ነገር የለዎትምና። ባለቀለም ወረቀት ላይ ግን ነጩ የሚያርፈው ወደ ብርሃን በዞረው እጥፋት ብቻ ነው፤ የቀረውን ወረቀቱ ራሱ ይሠራዋል። ስስ በሆነበት ቦታ ከሥሩ ያለው ፀጉር ወይም ቆዳ ይታይ። ጥለቱን በሁለት ቀለም ይጠቁሙት፤ በዝርዝር ከሠሩት ዓይን ከፊት ተነሥቶ ወደ እርሱ ይሄዳል።

ከፎቶ መማር ይቻላል?

ይቻላል፤ ፎቶው ጥሩ ከሆነ። በክንድ ርቀት የተነሣ ሰልፊ አፍንጫን ያተልቃል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይስባል። ሁለት ሜትር ርቀው አንሥተው በኋላ ይቁረጡት። ፍላሽ አይጠቀሙ፤ ጥላውን ስለሚያጠፋ የፊቱን ቅርጽ ይወስድብዎታል። ሰውየውን ከመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎንና ትንሽ ከላይ እንዲመጣ አድርገው ያስቀምጡ፣ ሌላውን መብራት ያጥፉ። ከዚህ ጎን ለጎን በመስታወት የራስዎን ፊት በየቀኑ በአምስት ደቂቃ ንድፍ ይለማመዱ፤ ፎቶ የማያስተምረውን ጥልቀት ያስተምራል።

ከፊክሳቲቭ ይልቅ የፀጉር ስፕሬይ ልጠቀም?

ለልምምድ ወረቀት ያገለግላል። ከጊዜ በኋላ ቢጫ ስለሚሆንና ነጠብጣብ ስለሚጥል ለሚቀመጥ ሥራ አይሆንም። ፊክሳቲቩን ደጅ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ከወረቀቱ ውጭ ጀምረው ወደ ውስጥ እያለፉ በስሱ ይንፉ። አንድ ወፍራም ድርብ ከሰሉን ያርሰዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ይሻላል። ፓስቴልን ያጠቁራል፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ብሩህ ነጥቦች ከተነፋ በኋላ ያሳርፉና እንዳሉ ይተዋቸው።

አቧራው ጤናን ይጎዳል?

ወደ ሳንባ ከገባ አይጠቅምም። ዱቄቱን በአፍ እፍ አይበሉ፤ ሰሌዳውን ትንሽ ወደ ራስዎ አዘንብለው ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ያድርጉ፣ ወደዚያ ይርገፍ። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ፤ መጥረጊያ መልሶ ያስነሣዋል። አንዳንድ ደማቅ ቀይና ቢጫ ፓስቴሎች ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት አላቸው፤ በእጃችን ስለምንበላ ከመብላት በፊት እጅንና የጥፍር ሥርን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

የተጠናቀቀውን ሥራ እንዴት ላስቀምጥ?

ፍሬም ሲያሠሩ መስታወቱ ሥዕሉን እንዳይነካ በመካከል የካርቶን ክፈፍ ይኑር። በመስታወት ፈንታ ፕላስቲክ አይቀበሉ፤ ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይፈጥርና ዱቄቱን ወደ ራሱ ይስባል። ፍሬም ያልተገጠመለትን በጠፍጣፋ ቦታ አስተኝተው፣ በላዩ ለስላሳ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ለጥፈው እንዳይንሸራተት ያድርጉ።

ከአሮጌ ጉርድ ፎቶ የሟች ዘመድን ፊት እንድሠራ ተጠየቅሁ። እንዴት ልጀምር?

3 በ4 ሳንቲ ሜትር ፎቶ ወደ 30 በ40 ሲያድግ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት ዓይንን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል። ፎቶውን በከፍተኛ ጥራት ስካን ያስደርጉ፣ በስካኑ ላይ መረብ (እኩል አራት ማዕዘኖች) ያስምሩ፣ ቤተሰቡንም ሌላ ማንኛውም ፎቶ ይጠይቁ፤ የደበዘዘ የሠርግ ፎቶም ቢሆን የጆሮንና የአንገትን ቅርጽ ይነግራል። የቆዳ ቀለሙን፣ ጠባሳ፣ ፍንጭት ወይም ንቅሳት እንደነበረ በቃል ይጠይቁ፤ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይህን ሁሉ ላያሳይ ይችላል።

የድሮ ጉርድ ፎቶዎች ብዙዎቹ ፊት ለፊት በመጣ ብርሃን ስለተነሡ ጥላ የላቸውም። ጥላ ከመፍጠርዎ በፊት በመልክ የሚቀርብ ወንድም፣ እኅት ወይም ልጅ ካለ መስኮት አጠገብ አስቀምጠው አጥንቱ እንዴት ጥላ እንደሚጥል ያጥኑ። ፎቶው የማያሳየውን ቦታ ግን በለስላሳ ጥላ ይለፉት፤ በግምት የተሠራ ጥርት ያለ ዝርዝር ቤተሰቡን ይረብሻል።

ቀለም ሳይነኩ፣ በቅርንጫፍ ከሰል ደረጃ ላይ እያለ፣ ሟቹን በቅርብ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት። «አገጩ ሰፋ ይል ነበር» ቢባል በዚያ ጊዜ ማረም የደቂቃ ሥራ ነው፤ ከፓስቴል በኋላ ግን ወረቀት መቀየር ሊሆን ይችላል። «ፈገግ አድርግልን» ከተባሉም ሲስቅ የተነሣበትን ሌላ ፎቶ ይጠይቁ፤ የተዘጋ አፍን በግምት መክፈት መልኩን ወደ ሌላ ሰው ይወስደዋል።